በበሩ የማይወጣው ጠረጴዛ

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። ጠዋትና ማታ የደም ግፊትዎን እየተለኩ ቁጥሩን ይጻፉበት ነው ያለችኝ። የዛሬውን ጻፍኩት፤ አየሁት፤ ማየቱ ራሱ ደሜን አፈላው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ቁጥሩን ትቼ የሚያናድደኝን ብጽፍ ይሻላል ብያለሁ። ፊደሌ ቢገዝፍ ማንም አይፍረድብኝ፤ ከመጋዝና ከመዶሻ ጋር የኖረ እጅ ነው። ዓይኔ ምንም አልሆነም።

ለነገሩ ዛሬ ደሜ የፈላው በደስታ ነው። ልጄን ሚጣን ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏት። ሚጣ ያልናት በጨቅላነቷ ነበር፤ አሁን ቁመቷ እኔን ጥሎኝ ሄዷል፣ ስሙ ግን እንደተጣበቀባት ቀረ። አንደኛው ኮሌጅ ኮረብታው ላይ ያለው ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ጣሪያው ይታየኛል። የቤት ንድፍ እንደሱ የሚያስተምር የለም ይባላል፤ እንደሱ የሚያስከፍልም የለም። ሁለተኛው ሐይቁ ዳር ያለው፣ በአውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስኬደው ነው። እሱ ደግሞ ትምህርቱንም መኝታውንም ምግቡንም በነፃ እንቺ ብሏታል። ሁለቱም መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

እኔ ምንም ማሰብ አላስፈለገኝም። ኮረብታው ነው አልኩ። የዚያን ኮሌጅ ትልቅ አዳራሽ በሮች የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሚጣን ይዣት እሄድ ነበር። አምስት ዓመቷ ነበር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ ብላ «እዚህ ነው የምማረው» አለች። እንግዲህ ልጅ ሕልሟን ከተናገረች አባት ሌላ ምን ሥራ አለው። ባለቤቴ ክፍያውስ ብላ ጠየቀችኝ። የመላጊያ ማሽኔን እሸጣለሁ አልኳት። ሻይዋን አስቀምጣ አየችኝ።

ከቤቷ እየተመላለሰች መማሯም ጥሩ ነው። ይህ ግን ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ሕልሟ ነው።

ማክሰኞ

ጊዜ የለኝም፣ ቁም ሳጥን ማስረከብ አለብኝ። ቫርኒሽ ነገር ፈለገኝ። ቫርኒሽ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን ቀቢ ነው፤ ስሙ የወጣለት ክፉ ወሬ እንኳ ሲያወራ ቀባብቶ ስለሚያወራ ነው። ዛሬ ግን ሳይቀባ ነገረኝ። በነፃ ላስተምርልህ ያለውን ሰው እንደ ጠላት የሚያይ አባት አንተን አየሁ አለ። የልጅ ሕልም አይነካም አልኩት። የማን ሕልም አለኝ።

 የቁም ሳጥኑን በር ገልብጬ ገጥሜው ኖሯል፤ ፈታሁት።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ

ሚጣ ሁልጊዜ ምሳዬን ይዛልኝ ትመጣለች። ከምሳ በኋላ ትንሽ አብራኝ ትሠራለች፤ እሷ ሜትሩን ታነባለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። የቤት ንድፍ የሚማር ሰው ከአሁኑ ሜትር ይልመድ ብዬ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት ሚጣ ገና ስለ ንድፍ ሳታስብ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር።

ዛሬ ጠየቅኋት። ሚጣ፣ ኮረብታው አይደል አልኳት። «አንተ እንዳልክ፣ አባዬ» አለችኝ። እሰይ። ነገሩ አለቀ።

ረቡዕ ማታ

አላለቀም። እራት ላይ ሚጣ ምን እንዳለችኝ በኩራት ብናገር አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጅ «እንዳልክ» ካለችህ ያልከውን አልወደደችውም ማለት ነው አሉ። ከየት አመጡት ስላቸው ወደ ባለቤቴ ጠቆሙ። ለካ እሳቸው አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት መርጠውላት ሲነግሯት፣ ልጃቸው «እንዳልሽ እማዬ» ብላ በሁለተኛው ወር እኔን ይዛ መጥታለች። ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ ስለ መድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ገና ዛሬ መስማቴ ነው።

ቅዳሜ

ለሚጣ ጠረጴዛ ልሠራላት ነው። ንድፍ የሚማር ሰው ትልልቅ ወረቀት ነው የሚዘረጋው። ከቤታችን ኮርኒስ በላይ ለዓመታት ያደረቅሁት ጠንካራ እንጨት ነበረኝ፤ ለሽምግልናዬ አልጋ ልሠራበት ነበር የያዝኩት። አወረድኩት። ለሽምግልና ገና ነኝ።

የምሠራው እዚሁ ቤት፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ነው። የሥራ ቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፣ ዝናቡም አላባራ ብሏል፤ ያን የመሰለ እንጨት ውሃ አይንካው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። ባለቤቴ ፍቅፋቂው ምንጣፏ ውስጥ ስለገባ አኩርፋለች። አማቴ ግን ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ከቴሌቪዥኑ ይሻላል አሉ።

ሰኞ

እየተዋበ ሄዷል። ከሥሩ መሳቢያ፣ ከላዩ መደርደሪያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ብሎን የሚባል ነገር አላስገባሁበትም፤ ሁሉንም በኮላና በእንጨት ችንካር ነው ያያዝኩት። እኔ ብሞት እንኳ እሱ አይላቀቅም።

አማቴ ከወንበራቸው ሆነው ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚወጣው ብለው ጠየቁኝ። ለምን ይወጣል አልኳቸው።

ማክሰኞ

ባለቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤቷን ዘግታ መጣችና ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ጠረጴዛውን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። ተለማማጆችህን መጀመሪያ የምታስተምራቸው ምንድን ነው አለችኝ። የመጋዝ አያያዝ አልኳት።

ዋሽቻለሁ። መጀመሪያ የማስተምረው እንጨቱን ከመለካትህ በፊት በሩን ለካ የሚለውን ነው። በኛ ሙያ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረን፤ አንድ ቀን ሰው ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ገጣጥሞ፣ በበሩ አልወጣ ሲለው መስኮት ከነፍሬሙ አስነቀለ። ይኸው እስከ ዛሬ «መስኮቱ» ነው የሚባለው። አግብቶ ወልዶ እንኳ ልጆቹ የመስኮቱ ልጆች ናቸው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ዓይኔን ትንሽ ደክሞኝ ነበር፣ የበሩን ስፋት አሳስቼ አንብቤው ነው አልኳት። ዓይኔ ምንም አልሆነም ትል አልነበር አለችኝ። ከእንግዲህ ለዚች ሴት ምንም ነገር አልናገርም።

ዓርብ

የኮረብታውን ኮሌጅ እንግዶች የሚጎበኙበት ቀን ነበር። ከሚጣ ጋር ሄድን። ሸሚዜን አስተኩሼ ነው የሄድኩት። በሮቼ እንደቆሙ ናቸው። አንዱ ግን ዝናቡ አሳብጦት መሬቱን ይፍቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። የጥበቃውን ቢላ ተውሼ ከሥሩ ላጥ ላጥ ሳደርገው አንዲት የደስ ደስ ያላት ሴትዮ መጥታ ጨርሰህ ስትመጣ የቢሮዬ ወንበርም እግሩ ይነቃነቃል አለችኝ። የኮሌጁ ኃላፊ፣ ዲኗ ናት አሉ። ወንበሩን ጠግኜላት ወጣሁ።

ሚጣ እስከዚያ ብቻዋን ዞራ ጨርሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እንዴት ነው አልኳት። ቆንጆ ነው አባዬ አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቫርኒሽ ከሥራ ቤቱ ብቅ ብሎ የቀኑን ገበያ ነገረኝ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ቡፌውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ቆንጆ ነው ብሎ ሄደ አለ። ቆንጆ ነው ብሎ ዋጋ ያልጠየቀ ሰው እንደማይገዛ ከጀመርን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ተሳሳቅን።

ከሳቅን በኋላ ግን ምን እንደሆነ እንጃ እራቴ አልበላ አለኝ።

ሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ ወጥቷል። ነርሷ ደብተሩን ተቀብላ ቁጥር ስትፈልግ ከመጀመሪያው ገጽ ሌላ አጣች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ውጭ ሰው ተሰልፏል፣ እሷ ገጽ ትገልጣለች። አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣዋን ስጠብቅ፣ «አባቴ፣ ለመሆኑ ልጅቷን የጠየቃት አለ?» አለችኝ።

ጠይቄያታለሁ አልኩ። ኮረብታው አይደል ብለው ነው የጠየቋት አለች። ጨው ይቀንሱ ብላ አሰናበተችኝ።

ረቡዕ

ማሽኑን የሚገዛ ሰው መጣ። በሐቅ መሸጥ አለብኝ ብዬ ጉድለቱን ሁሉ ነገርኩት። ይጮኻል አልኩት፣ ያንቀጠቅጣል አልኩት፣ ሲሞቅ ይሸታል አልኩት። ሰውዬው ጢሙን እያሻሸ ከወጣ በኋላ ቫርኒሽ ማሽኑ ከነዚህ አንዱም የለበትም ብሎ ተቆጣኝ። ለካ እኔም ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

ሰውዬው ማታ ደወለ። እንዲህ እውነቱን የሚናገር ሻጭ አይቼ አላውቅም፣ ዓርብ በመኪና መጥቼ እወስደዋለሁ አለኝ።

ሐሙስ

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማሽኑን አጽድቼ ዘይት ቀባሁት። ሚጣ ስትወለድ ሰሞን ነው የገዛሁት። የሷ አልጋ የተላገው በሱ ነው።

ዓርብ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ገዥው የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ማሽኑ ይሞከር ቢል የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ የለም። ጠዋት ነበር፤ አሁን የለም። ቫርኒሽ ኮርኒስ ኮርኒሱን እያየ ያፏጫል። ያለ ቀበቶ አልወስድም፣ ነገ አምጡልኝ እያለ ገዥው ሲነጫነጭ ሚጣ ምሳዬን ይዛ ገባች። ማሽኑ ከመሠረቱ ተፈትቷል፣ መኪናው ጀርባውን ከፍቶ ቆሟል። ሚጣ ምሳውን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ ሜትሩን ከመንጠቆው አወረደች፣ ይዛው ሄደች።

እንዲህ ስትሆን እናቷን ናት። ምሳዬን ሳልበላ ተከትያት ቤት ገባሁ። መኝታ ክፍሏ በር ላይ ቆማለች። አማቴም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ሊነሱ አላሰቡም።

«አባዬ፣ የዚህ በር ስፋት ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሰማንያ ሁለት ከግማሽ» አልኳት።

ካልኩ በኋላ አየሁ። ሜትሩ እጇ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው። አልዘረጋችውም። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሰማንያ ሁለት ከግማሽ መሆኑን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።  አማቴ እንዴ አሉና ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠጉ።

ስለ ጠረጴዛው አልጠየቀችኝም። መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ከንፈሯን ነው የምትነክሰው፣ ነከሰችው።

«ኮረብታው ላይ እማራለሁ ያልኩት በአምስት ዓመቴ ነው» አለች። «በዚያው ሰሞን የአውቶቡስ ሹፌር እሆናለሁም ብዬህ ነበር፣ እሱን አልያዝክብኝም። አባዬ፣ ያኔ አንተ ያለህበት ቦታ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለዚህ ነው ያልኩት። አሁን ሐይቁን የምፈልገው በነፃ ስለሆነ አይደለም። ሄጄ ማየት ስለምፈልግ ነው። አንተ ግን እንዲህ እየሆንክ እንዴት ልንገርህ?»

ያኔ አንድ የሚረባ ነገር መናገር ነበረብኝ። አባት በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚናገረው ነገር አለው። እኔ ግን አፌን ከፍቼ፣ «ምሳዬን ማን ያመጣልኛል?» አልኳት።

ይህን ነው ያልኩት። እጽፈዋለሁ፣ ለቅጣት።

ሚጣ እንባዋ እየወረደ መሳቅ ጀመረች። እኔም አላቆምኩም፤ ሜትሩንስ ማን ያነብልኛል አልኳት። መነጽር ያነብልሃል አለችኝ። አማቴ ወዲያው የገዛ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ከነገመዱ ሰጡኝ። አድርጌው ሚጣን ቀና ብዬ አየኋት። ቅንድቧ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ መቼ እንደወደቀች እንኳ ረስቼው ነበር። ልጄ ትልቅ ሰው ሆናለች። ፈርቼ ነው አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ።

ቅዳሜ

ለገዥው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰደበኝ፤ ይገባኛል። ቫርኒሽ ቀበቶውን ከቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አወጣው። ደግነቱ ቆርቆሮው ባዶ ነበር። ማሽኑን መልሰን አሰርነው፣ ሲጨርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ሚጣ ለሐይቁ ኮሌጅ እመጣለሁ ብላ መለሰች። ለኮረብታውም አመሰግናለሁ ብላለች። ዲኗ የወንበሯ እግር ድጋሚ ከተነቃነቀ ያው ሥራ ቤቴን ታውቀዋለች።

ማክሰኞ

ጠረጴዛውን መጋዝ ጀመርኩ። በገዛ እጄ፣ በአማቴ መነጽር። በኮላ የተያያዘ ነገር በቀላሉ አይለያይም፤ መሐሉን ስቆርጠው ሆዴን የምቆርጠው መሰለኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ሊያበሽቀኝ የሚችል ብዙ ነገር ነበራት፣ አንዱንም አላወጣችውም። ፍቅፋቂውን ራሷ ጠረገችው።

ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ለሚጣ፣ አንዱ እዚሁ ይቀራል። የሷን እግሮች እንዲፈቱ አድርጌ በብሎን ሠራኋቸው፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንዲመች። በሩን ለክቼ ነው የሠራሁት። በበሩ አልፎ ሲወጣ አማቴ አጨበጨቡ።

መስኮቱ የሚባለው ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ ሥራ ቤት ድረስ መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። በደስታ ፊቱ በርቷል። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ «ግማሹ» ነው።

እሁድ፣ ቸኩያለሁ

ነገ ትሄዳለች። ሻንጣ ይዘጋል ይከፈታል። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ትጨምራለች፣ ሚጣ ታወጣለች፣ አማቴ መልሰው ይከታሉ። እኔ ጠረጴዛውን አሸግሁ። እግሮቹን ለብቻ፣ ላዩን ለብቻ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል።

ሰኞ ማታ

ሄደች።

ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ ጠረጴዛውን ጣሪያ ላይ ሲያስር ከሥር ሆኜ አዘዝኩት። አባት፣ ይውጡና ይሰሩት አለኝ። ወጥቼ አሰርኩት። ስወርድ ሚጣ አቀፈችኝ። አገጯ ጭንቅላቴ ላይ ነው የሚያርፈው። ምሳህን በሰዓቱ ብላ፣ መነጽሩን አታውልቅ አለችኝ። እሺ እናቴ አልኳት። አላለቀስኩም። አውቶቡሱ ሲነሳ ብዙ ጭስ ነበረ። ባለቤቴም ላይ ያው ጭስ ደርሶባታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ በሩ ሁለቴ ቀና አልኩ። ቫርኒሽ የራሱን ምሳ ለሁለት ከፍሎ አቀረበልኝ። 

ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ ኪሴ ከበደኝ። የጠረጴዛው ብሎኖች ናቸው። በሙሉ። ረስቻቸው ነው፤ በዚያ ወከባ ማን ያስታውሳል።

ማክሰኞ

ሚጣ ደወለች። በደህና ገብታለች፣ ከመስኮቷ ሐይቁ ይታያል፣ ጠረጴዛው ግን እግሩ ስለማይያዝ መሬት ተኝቷል። ብሎኖቹ እኔ ጋ መቅረታቸውን ነገርኳት። ችግር የለም፣ እዚህም የእቃ መሸጫ አለ አለችኝ። የነዚህ ዓይነት ጥርስ ያለው ብሎን እንደ ልብ አይገኝም አልኳት። አጠገቤ የነበረው ቫርኒሽ ይሄ ብሎን እኮ በየሱቁ አለ አለ። ጥሩ ሰው ነው፣ ዝም ማለት ብቻ አያውቅም።

ባለቤቴ በፖስታ ላከው አለችኝ። ብሎን በፖስታ ይጠፋል አልኳት። አማቴ በአውቶቡሱ ሹፌር ይላክ አሉ። ሹፌር አይታመንም አልኳቸው። ሚጣ በስልኩ ውስጥ ሁሉንም ትሰማ ነበር። በመጨረሻ ሳቀች፤ እንደ ድሮው፣ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጣ እንደምትስቀው። «በቃ መጥተህ ግጠምልኝ፣ አባዬ» አለችኝ።

ግፊቴን ተለካሁ። ወርዷል። ቁጥሩን ለነርሷ ብዬ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ በትንሽ ፊደል።

ሐሙስ እሄዳለሁ ስል ባለቤቴ ሐሙስ ሰው ይበዛል፣ ቲኬት እንዳታጣ ብላ ተጨነቀችልኝ። አትጨነቂ አልኳት። ቲኬቴን የሚጣን በቆረጥኩ ቀን አብሬ ቆርጬዋለሁ፤ ለክፉም ለደጉም ብዬ።